ለጀማሪ የኤሌክትሮኒክስ ሥራ የሚሆን ሶልደሪንግ አይረን አመራረጥ

ኤሌክትሮኒክስ መማር የጀመሩ ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁኝ ጥያቄ አንድ ነው፤ «ስንት ዋት ሶልደሪንግ አይረን ልግዛ?» ይሉኛል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ነገር ግን በቁጥር ብቻ ቢመለስ ጠያቂውን ያሳስተዋል። ሁለት ዕቃዎች እኩል 60 ዋት ተብሎ ቢጻፍባቸውም አንደኛው በሁለት ሰከንድ ውስጥ ንጹሕ ብየዳ ሲሠራ፣ ሌላኛው ሙቀቱ ልክ አጥቶ ከቦርዱ ላይ የመዳብ ፓዱን (የክፍሎች እግር የሚበየድበትን ስስ የመዳብ ገጽ) ነቅሎ ሊያነሣ ይችላል። ልዩነቱን የሚፈጥሩት የሙቀት ቁጥጥሩ፣ የጫፉ ቅርጽና ልባጥ፣ እንዲሁም ዕቃው የሚሰካበት የቤትዎ ኤሌክትሪክ ናቸው። ይህ መመሪያ እነዚህን በቅደም ተከተል እየመረመሩ እንዲገዙና የገዙትንም በመጀመሪያው ቀን እንዳያበላሹት ያግዝዎታል።

ለአጻጻፍ እንዲያመች ዕቃውን «መበየጃ» እለዋለሁ። «ሊድ» ስል በሱቅ በዚሁ ስም የሚሸጠውን፣ አንዳንዶች ስታኞ የሚሉትን የሚቀልጥ ሽቦ ማለቴ ሲሆን፣ «እርሳስ» ስል ደግሞ በሊዱ ውስጥ ከቆርቆሮ ጋር የተቀላቀለውን ማዕድን ማለቴ ነው።

ወደ ሱቅ ይዘው የሚሄዷቸው

- ኦም የሚለካ ቴስተር
- ትንሽ ማግኔት
- ጥቂት ሊድ እና የማይፈለግ አሮጌ ቦርድ

ከመበየጃው ጋር አብረው የሚገዟቸው

- የማይገለበጥ፣ ከበድ ያለ የብረት ማስቀመጫ
- 0.8 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው፣ ውስጡ ሮዚን (የሚበየደውን ገጽ አጽድቶ ሊዱ እንዲይዝ የሚረዳ ሙጫ) የያዘ ሊድ
- የጫፍ ማጽጃ ስፖንጅ ወይም የነሐስ ሽቦ
- ሊድ መምጠጫ ፓምፕ
- አንድ ትርፍ ጫፍ
- ለልምምድ የሚሆን ቀዳዳ ያለው ባዶ ቦርድ እና ጥቂት ሬዚስተሮች

ደረጃ 1፦ የሚበይዱትን ነገር አስቀድመው ይወስኑ

ብዙ ጀማሪ የሚሠራው አርዱይኖ የተባለውን የመማሪያ ቦርድ ፒኖች፣ ሬዚስተሮችን፣ ኤልኢዲዎችን፣ ትራንዚስተሮችንና ቀጫጭን ሽቦዎችን መበየድ ነው። ለዚህ ሁሉ ሙቀቱ የሚስተካከል፣ ከ40 እስከ 70 ዋት የሚደርስ መበየጃ ይበቃል። የመኪና ባትሪ ገመድ ወይም ወፍራም የሶላር ሽቦ ለመበየድ ከሆነ ግን ሌላ፣ ከዚህ የበለጠ ጉልበት ያለው ዕቃ ያስፈልጋል። ሁለቱንም በአንድ መበየጃ እሠራለሁ ብለው ትልቁን ቢገዙ የሚጎዳው ቦርዱ ነው፤ ስለዚህ ለመማሪያ የሚሆንዎትን ብቻ ይምረጡ።

ደረጃ 2፦ የቤትዎን ኤሌክትሪክ ይመርምሩ

ይህን ደረጃ ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ ከገዙ በኋላ ከሚመጡት ቅሬታዎች ብዙዎቹ መነሻቸው ግን እዚህ ነው።

በመጀመሪያ ቮልቴጁን ይመልከቱ። በኢትዮጵያ የቤት ኤሌክትሪክ 220 ቮልት፣ 50 ኸርትዝ ነው። ዘመድ ከአሜሪካ የሚያመጣው መበየጃ በአብዛኛው ለ120 ቮልት የተሠራ ስለሆነ በቀጥታ ሊሰካ አይገባውም። ጉልበቱ የሚያድገው በቮልቴጁ ልክ ሳይሆን ቮልቴጁ በራሱ ተባዝቶ በሚሰጠው ልክ በመሆኑ፣ ለ120 ቮልት የተሠራ የ60 ዋት መበየጃ 220 ቮልት ላይ ሲሰካ ወደ 200 ዋት ገደማ ይስባል፤ ማሞቂያውም በደቂቃዎች ውስጥ ይቃጠላል። እንዲህ ያለ ዕቃ ካለዎት ከዋቱ በላይ አቅም ያለው ቮልቴጅ ቀናሽ ትራንስፎርመር ያስፈልገዋል፤ የስፒናውን ቅርጽ ብቻ የሚቀይር አዳፕተር ቮልቴጁን አይቀንስም። ከአውሮፓ፣ ከእስራኤል ወይም ከዱባይ የመጣ ከሆነ ቮልቴጁ ይስማማል፤ የስፒናውን ቅርጽና የመሬት መስመሩን ግን ማረጋገጥ ይኖርብዎታል።

ቀጥለው በሚሠሩበት ሰዓት ሶኬቱ ላይ ምን ያህል ቮልት እንደሚገኝ ይለኩ። ምሽት ላይ ቮልቴጁ ወደ 180 በሚወርድበት ሰፈር የ60 ዋት መበየጃ የሚያገኘው ጉልበት 40 ዋት ያህል ብቻ ነው። ሙቀት መቆጣጠሪያ የሌለው መበየጃ በዚህ ጊዜ ጫፉ ስለሚቀዘቅዝ ቀን የቀለጠው ሊድ ማታ እምቢ ይላል። ሙቀቱን በሴንሰር የሚቆጣጠር መበየጃ ግን ለመሞቅ ይዘገያል እንጂ የተሞላለትን ዲግሪ ይደርሳል። ቮልቴጅ በሚዋዥቅበት አካባቢ ለሚኖር ሰው ቁጥጥር ያለውን መግዛት የግድ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

በመጨረሻም የመሬት መስመር ማለትም ግራውንድ መኖሩን ያረጋግጡ። ክብ ሁለት እግር ያለው ሶኬት በጎንና በጎኑ የብረት ምላስ ከሌለው ግራውንድ የለውም፤ ምላሱ ኖሮም ከኋላው ሽቦ ያልተገናኘበት ብዙ ነው። ብዙ ርካሽ ዲቫይደሮችም መስመሩን እዚያው ያቋርጡታል። ይህን የሚያስተካክለው የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፤ ወጪው ከመበየጃው ዋጋ ቢበልጥ እንኳ አይቆጩበት።

ደረጃ 3፦ ከአራቱ ዓይነቶች አንዱን ይምረጡ

ሀ. መቆጣጠሪያ የሌለው ተራ መበየጃ። ሲሰካ ይሞቃል፣ ሲነቀል ይቀዘቅዛል፤ ሌላ ማስተካከያ የለውም። ዋጋው ዝቅተኛ ስለሆነ ብዙ ጀማሪ በዚህ ይጀምራል። ችግሩ ሥራ ፈትቶ ማስቀመጫው ላይ ሲቆይ ጫፉ ከ400 ዲግሪ ሊያልፍ መቻሉ ነው፤ በዚህ ሙቀት ጫፉ ይጠቁራል፣ ሮዚኑ ከመሥራቱ በፊት ይቃጠላል፣ ፓዱም ከቦርዱ ይላቀቃል። ጀማሪው ግን ጥፋቱን የእጁ አድርጎ ተስፋ ይቆርጣል። ሌላ አማራጭ ከሌለ በስተቀር ይህን አልመክርም፤ ከገዙም ከ25 እስከ 40 ዋት ካለው አይለፉ።

ለ. እጀታው ላይ ማስተካከያ ያለው። አብዛኛው 60 ዋት ሲሆን ከ200 እስከ 450 ዲግሪ የሚል ቁጥር ተጽፎበታል። ነገር ግን ሁለት ዓይነት መሆኑን ይወቁ፤ አንደኛው በውስጡ የሙቀት ሴንሰር ሲኖረው፣ ሌላኛው እንደ መብራት ማደብዘዣ ጉልበቱን ብቻ ይቀንሳል፤ ቁጥሩም የተጻፈው በግምት ነው። የማሞቂያ መብራት ያለውን በዚህ ይለዩት፦ ከሞቀ በኋላ መብራቱ በራሱ ጊዜ እየጠፋ እየበራ ከሆነ፣ ጫፉን እርጥብ ስፖንጅ ላይ ለአፍታ ሲያሳርፉትም ወዲያው በርቶ ከቆየ፣ ሴንሰር አለው ማለት ነው።

ሐ. ስቴሽን። እጀታው በገመድ ከሳጥን ጋር ይገናኛል፤ ብዙዎቹም በሳጥኑ ውስጥ ባለው ትራንስፎርመር ምክንያት ወደ እጅዎ የሚደርሰው ዝቅተኛ ቮልቴጅ ብቻ ነው። ለምሳሌ የጃፓኑ ሃኮ ኤፍኤክስ-888ዲ 70 ዋት ሲሆን ለእጀታው የሚሰጠው 26 ቮልት ነው። ዌለር ደብሊዩኢ1010 የሚባለውም እንዲሁ 70 ዋት ነው። የእነዚህ ዋጋ ከከበደዎት፣ በቀድሞው ሃኮ 936 አምሳያ የተሠሩ ብዙ ርካሽ ስቴሽኖች አሉ፤ በደረጃ 7 የተጻፈውን ፍተሻ ካለፉ ለመማሪያ ይበቃሉ። አቅምዎ ከፈቀደ ምክሬ ይህ ሦስተኛው ዓይነት ነው፤ ካልፈቀደ ሴንሰር ያለው የ«ለ» ዓይነት ይሁን።

መ. በቀጥተኛ ዝቅተኛ ቮልቴጅ የሚሠራ ትንሽ መበየጃ። ቲኤስ100 እና ፓይንሲል የሚባሉት ከዚህ ወገን ናቸው። መብራት ለሚጠፋበት ሰው ጠቃሚ ናቸው፤ ነገር ግን ጉልበታቸው በሚሰጣቸው ቮልቴጅ ይወሰናል። ቲኤስ100 በ24 ቮልት 65 ዋት፣ በ19 ቮልት የላፕቶፕ ቻርጀር 40 ዋት፣ በ12 ቮልት ባትሪ ግን 17 ዋት ብቻ ይሰጣል። ስለዚህ በሶላር ባትሪ ቀጫጭን ነገር ይበይዳል፤ ሰፊ የመዳብ ገጽ ላይ ግን ይሸነፋል። ፓይንሲል በዩኤስቢ-ሲም ይሠራል፤ ቢሆንም 5 ቮልት ብቻ የሚሰጥ ተራ የስልክ ቻርጀር ለብየዳ አያሞቀውም። ቻርጀሩ ግራውንድ ያለው ባለ ሦስት መስመር ካልሆነ ጫፉ ላይ የሚነዝር ቮልቴጅ ሊገኝ ስለሚችል፣ ለዚህ ዓይነት መበየጃ የቻርጀሩ ምርጫ የመበየጃውን ያህል ጥንቃቄ ይፈልጋል።

ደረጃ 4፦ ዋቱን በትክክለኛ ትርጉሙ ያንብቡ

ዋት ማለት የሙቀት መጠን አይደለም። የተሞላው ዲግሪ እኩል ከሆነ 40 ዋቱም 70 ዋቱም 350 ዲግሪ ላይ ይቆማሉ፤ የሚለያዩት ጫፉ ቀዝቃዛ መዳብ ነክቶ ሙቀት ሲነጠቅ በምን ያህል ፍጥነት እንደሚተካ ነው። ዝቅተኛ ዋት ያለው ሲዘገይ እርስዎ ጫፉን ለረጅም ጊዜ አሳርፈው ይጠብቃሉ፤ ሙቀቱም በዚያ ጊዜ ወደ አይሲው (ብዙ ሰርኪዩት በአንድ ላይ ወደታሸገበት ቺፕ) ወይም ወደ ኤልኢዲው ዘልቆ ይገባል። ቁጥጥር ያለው ከፍተኛ ዋት ለክፍሎቹ የሚያሰጋ ቢመስልም፣ ሥራውን ፈጥኖ ስለሚጨርስ አደጋው ያንሳል።

የተጻፈው ዋት እውነት መሆኑን በተራው መበየጃ ላይ መለካት ይቻላል። ስፒናው ሳይሰካ በሁለቱ እግሮች መካከል ያለውን ኦም ይለኩ፤ 220ን በራሱ አባዝተው የሚያገኙትን 48,400 ለተጻፈው ዋት ያካፍሉ። ለ40 ዋት 1,210 ኦም፣ ለ60 ዋት 807 ኦም አካባቢ መሆን አለበት። ይህ የሚሠራው በሽቦ ለሚሞቀው ብቻ ነው፤ የሴራሚክ ማሞቂያ ሲቀዘቅዝ ኦሙ በጣም ያነሰ ስለሆነ፣ ማስተካከያ ያለው መበየጃም በመካከሉ ሰርኪዩት ስላለው፣ በእነዚህ ላይ ልኬቱ አያስተማምንም።

ደረጃ 5፦ ጫፉን ይመርምሩ

ጥሩ ጫፍ ውስጡ መዳብ፣ ላዩ በብረት የተለበጠ ነው። መዳቡ ሙቀቱን ያደርሳል፤ የብረቱ ልባጥ ደግሞ መዳቡ በቀለጠው ሊድ ውስጥ እየሟሟ እንዳያልቅ ይከላከላል። ማግኔትዎን ወደ ጫፉ ያስጠጉ፤ ከሳበው ልባጡ አለ ማለት ነው። ፈጽሞ ካልሳበው ልባጥ የሌለው መዳብ ሊሆን ስለሚችል፣ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ተቦርቡሮ ያልቃል።

ስለ ቅርጹ አጥብቄ የምነግርዎት አንድ ነገር አለ፦ እንደ መርፌ የሾለውን ጫፍ አይምረጡ። ከብዙ መበየጃዎች ጋር የሚመጣው እሱ ነው፤ ጀማሪውም ለጥቃቅን ነገር ጥቃቅን ጫፍ ይሻላል ብሎ ይወደዋል። ነገር ግን የሾለ ጫፍ ፓዱንና የክፍሉን እግር የሚነካው በነጥብ ብቻ ስለሆነ ሙቀቱ አይተላለፍም፤ ሠሪው ዲግሪውን ይጨምራል፣ ጫፉ ይጠቁራል፣ ችግሩም ይብሳል። ከ1.6 እስከ 2.4 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው፣ እንደ ጠፍጣፋ ካቻቢቴ የተቆረጠ ጫፍ በጠፍጣፋው ጎኑ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ያሞቃል። በሃኮ አሰያየም ይህ ቅርጽ «ዲ» በሚለው ፊደል ይታወቃል፤ 2.4ዲ የሚለውን ቢያገኙ አብዛኛውን ሥራዎን በእሱ ብቻ ይሠራሉ።

ደረጃ 6፦ ትርፍ ጫፍ መገኘቱን ያረጋግጡ

ጫፍ ያልቃል፤ የሚተካው ካልተገኘ መበየጃው በሙሉ ይጣላል። ለጀማሪ የሚስማማው 900ኤም የተባለው የጫፍ ዓይነት ነው፤ ብዙ ፋብሪካዎች ስለሚሠሩት በቀላሉ ይገኛል። ባለ ሱቁን ትርፍ ጫፍ እንዲያሳይዎት ይጠይቁና እዚያው አስገብተው ይሞክሩት፤ ከማሞቂያው ጋር ሲለቅ ወይም ሲወዛወዝ በመካከል የሚቀረው አየር ሙቀቱን ያግዳል። ቲ12 የሚባለው ዓይነት ማሞቂያውንና ሴንሰሩን ከጫፉ ጋር አንድ አድርጎ ስለያዘ ፈጥኖ ይሞቃል፤ ነገር ግን ጫፍ በቀየሩ ቁጥር የሚገዙት ማሞቂያውን ጭምር ነው።

ደረጃ 7፦ ከመክፈልዎ በፊት እዚያው ይፈትሹ

መጀመሪያ ስፒናው ሳይሰካ ቴስተሩን ትንሹ የኦም መለኪያ ላይ አድርገው በጫፉና በስፒናው የግራውንድ ምላስ መካከል ይለኩ። ከጥቂት ኦም ካልበለጠ ግራውንዱ ጫፉ ድረስ ደርሷል። ቀጥለው ትልቁን የኦም መለኪያ መርጠው በጫፉና በእያንዳንዱ የስፒና እግር መካከል ይለኩ፤ ምንም ንባብ ሊያሳይ አይገባም። ካሳየ ኤሌክትሪኩ ወደ ጫፉ እየሾለከ ነውና ዕቃውን አይግዙ። ይህ የሚለካው የእርስዎን ደኅንነት ለመጠበቅ ብቻ አይደለም፤ ሹልከቱ በእጅ የማይሰማ ቢሆን እንኳ ትራንዚስተርና አይሲ ያቃጥላል።

ከዚያ ገመዱን ይንኩ። ለስላሳና እንደ ጎማ የሚታጠፈው የሲሊኮን ገመድ የጋለ ጫፍ ቢነካውም አይቀልጥም፤ ደረቁ የፕላስቲክ ገመድ ግን በአንድ ንክኪ ተልጦ ውስጡ ይታያል። በመጨረሻ እንዲሰካልዎት ይጠይቁ፤ 350 ላይ ሞልተው ከሁለት ደቂቃ በኋላ ሊዱን ጫፉ ላይ ያስነኩ፤ ያለማመንታት ቀልጦ ጫፉን ሊያለብሰው ይገባል።

ደረጃ 8፦ ትክክለኛውን ሊድ ይግዙ

63 ከመቶ ቆርቆሮና 37 ከመቶ እርሳስ የሆነው ሊድ 183 ዲግሪ ላይ በአንድ ጊዜ ስለሚቀልጥና በአንድ ጊዜ ስለሚረጋ ለጀማሪ የሚሻለው እሱ ነው፤ 60/40ም ይሆናል። 40/60 የተጻፈበት የእርሳሱ መጠን ከፍ ያለ ስለሆነ ሙሉ በሙሉ የሚቀልጠው 238 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ እስኪረጋ ድረስም እንደ ሊጥ ይቆያል፤ እጅዎ ቢንቀሳቀስ ብየዳው ይሰነጠቃል። እርሳስ የሌለበት ሊድ እንደ ቅልቅሉ ከ217 እስከ 227 ዲግሪ ይፈልጋል። ለቧንቧና ለቆርቆሮ ሥራ የሚሸጠውን አሲድ ያለበት ፓስታ ቦርድ ላይ አይጠቀሙ፤ በወራት ውስጥ መዳቡን በልቶ ይጨርሰዋል።

ደረጃ 9፦ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያሞቁ ጫፉን ሊድ ያልብሱት

አዲሱን መበየጃ 250 ዲግሪ ላይ ሞልተው ይሰኩት፤ ማስተካከያ የሌለውን ደግሞ ከሰኩበት ቅጽበት ጀምረው ይከታተሉት። ጫፉ እየሞቀ ሳለ ሊዱን ደጋግመው ያስነኩ፤ መቅለጥ በጀመረበት ቅጽበት ጫፉን ዙሪያውን ያልብሱት። በዚህ ላይ መፍጠን የሚያስፈልገው፣ ያልተሸፈነ ብረት በሙቀት ወዲያው ስለሚዝግና የዛገ ጫፍ ሊድ ስለማይዝ ነው።

ደረጃ 10፦ አሥር ብየዳ ሠርተው ይፍረዱ

መበየጃውን ከ320 እስከ 350 ዲግሪ፣ እርሳስ ለሌለበት ሊድ ከ350 እስከ 380 ይሙሉ። ጫፉን ፓዱንም እግሩንም እንዲነካ አድርገው ያሳርፉ፤ አንድ ሰከንድ ቆይተው ሊዱን ከተቃራኒው ጎን ያስነኩ፤ በቂ ሲሆን መጀመሪያ ሊዱን ቀጥሎ ጫፉን ያንሡ። ጠቅላላው ከሦስት ሰከንድ ባይበልጥ ይመረጣል። ብየዳው ወደ እግሩ ተዳፍቶ የወጣና የሚያብለጨልጭ ከሆነ መበየጃዎ ተስማምቶዎታል፤ እርሳስ የሌለበት ሊድ ግን በባሕርዩ ደብዘዝ ይላል። እንደ ዶቃ ተንጠባጥቦ ከቆመ ፓዱ አልሞቀም ማለት ነው፤ ዲግሪውን ከመጨመርዎ በፊት ሰፋ ወዳለው ጫፍ ይቀይሩ።

ማስጠንቀቂያ

- ሊድ የነካ እጅዎን ሳይታጠቡ አይብሉ፣ አይጠጡ። እርሳስ ወደ ሰውነት የሚገባው በዋናነት በአፍ ነው፤ ሕፃናትንና ነፍሰ ጡሮችን ከሥራ ቦታው ያርቁ።
- የሚያዩት ጢስ የሚቃጠለው ሮዚን ነው፤ አስም ያስነሣል። መስኮት ይክፈቱ፣ ፊትዎንም ከብየዳው በላይ አያድርጉ።
- ኤሌክትሪክ የተገናኘበትን ቦርድ አይበይዱ። ከሶኬት የተነቀለ ፓወር ሳፕላይም ቢሆን ትልቁ ካፓሲተር ቮልቴጅ ይዞ ሊቆይ ስለሚችል በቴስተር ያረጋግጡ።
- የሊቲየም ባትሪን ሴል በቀጥታ አይበይዱ፤ ሙቀቱ ውስጡን ጎድቶ እሳት ሊያስነሣ ይችላል።
- ከተቃጠሉ ቦታውን በሚፈስ ቀዝቃዛ ውኃ 20 ደቂቃ ያቆዩት። የጥርስ ሳሙና፣ ቅቤ ወይም ሊጥ አይቀቡበት፤ ሙቀቱን አፍነው ያስቀሩታል።
- መብራት ሲጠፋ መበየጃውን ይንቀሉ፤ ሲመለስ እርስዎ በሌሉበት ይሞቃልና።

የተለመዱ ስሕተቶች

ጫፉን በሞረድ ወይም በአሸዋ ወረቀት መሞረድ ከሁሉ የከፋው ነው፤ የብረቱን ልባጥ አንሥቶ መዳቡን ያጋልጠዋል። ሊዱን ጫፉ ላይ አቅልጦ ተሸክሞ መውሰድም እንዲሁ የተለመደ ነው፤ በመንገድ ላይ ሮዚኑ ተቃጥሎ ስለሚያልቅ ብየዳው አይይዝም። አንዳንዱ ጫፉን እየተጫነ ይበይዳል፤ ሙቀትን የሚያሻግረው የቀለጠው ሊድ እንጂ የእጅ ጉልበት ስላልሆነ ትርፉ ፓዱን መንቀል ነው። ስፖንጁም ውኃ የሚያንጠባጥብ ሳይሆን ተጨምቆ እርጥበት የቀረበት መሆን አለበት፤ ካልሆነ ጫፉ በጠረጉት ቁጥር በድንገት እየቀዘቀዘ ልባጡ ይሰነጠቃል።

ሥራ ሲጨርሱ ጫፉን አጽድተው ማጥፋትም ስሕተት ነው፤ አዲስ ሊድ አልብሰው ያጥፉት፤ የለበሰው ሊድ ብረቱን ከአየር ይሸፍነዋል። ጫፉ ጠቁሮ ሊድ አልይዝ ካለዎት ከመጣልዎ በፊት 300 ዲግሪ አካባቢ አድርገው ሮዚን ውስጥ እየነከሩ፣ በነሐስ ሽቦው እየጠረጉ፣ ሊድ እያስነኩ ደጋግመው ይሞክሩት፤ አብዛኛውን ጊዜ ከአምስትና ከስድስት ዙር በኋላ መልሶ መያዝ ይጀምራል።